የጠራው ነበልባል
የሮበርት ቡንሰን ሕይወትና የላቦራቶሪ መሣሪያዎቹ

የሳይንስ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሰው ስም ተሸክመው ይኖራሉ። ስሙ በየዕለቱ ይጠራል፤ ሰውየው ግን ይረሳል። በየትምህርት ቤቱና በየምርምር ተቋሙ ላቦራቶሪ ከሚገኙት ዕቃዎች መካከል እንደ ቡንሰን በርነር ስሙ የተደጋገመ ጥቂት ነው። ተማሪው ከቢከሩ፣ ከቴስት ቲዩቡና ከሚዛኑ ጋር በአንድነት ይተዋወቀዋል፤ ክብሪት ጭሮ ያቀጣጥለዋል፤ ሥራውን ሲፈጽም ጋዙን ይዘጋል። ቡንሰን ማን እንደ ነበረና ያን እሳት ለምን እንደ ፈለገው ግን ሳይጠይቅ ትምህርቱን ይጨርሳል።

ይህን ሰው ዛሬ ለማኅበራችን አባላት ማስተዋወቅ የሚያስፈልገው ለታሪክ ፍቅር ብቻ ተብሎ አይደለም። ቡንሰን በሕይወት ዘመኑ የሠራቸው ወይም ያሻሻላቸው መሣሪያዎች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ እያንዳንዱ የተወለደው በነበረው ዕቃ ሊመለስ ካልቻለ አንድ ጥያቄ ነው። በሙያችን መሣሪያ የሚገዛ፣ የሚጠግን፣ የሚጠብቅና የሚያስተምርበት ሁሉ ከዚህ ሰው ሕይወት የሚያገኘው ቁም ነገር አለ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ሮበርት ቪልሄልም ቡንሰን በ1811 ዓ.ም. በማርች ወር መጨረሻ ጌቲንገን በተባለችው የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህርና የቤተ መጻሕፍት ሹም ስለ ነበር፣ ልጁ ያደገው በመጻሕፍትና በምሁራን መካከል ነው። ከአራት ወንድማማቾችም የመጨረሻው ነበር። በዚያው በተወለደባት ከተማ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ማዕድናትን አጥንቶ ገና በወጣትነቱ የዶክትርና ማዕረግ ተቀበለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የአየርን እርጥበት የሚለኩ መሣሪያዎች መሆኑ የኋላ ሕይወቱን አስቀድሞ የሚያመለክት ይመስላል። ከምረቃው በኋላ በመንግሥት ድጋፍ ወደ በርሊን፣ ወደ ፓሪስና ወደ ቪየና ተዘዋውሮ ላቦራቶሪዎችን፣ ፋብሪካዎችንና የማዕድን ጉድጓዶችን ጎበኘ።

ወደ ጌቲንገን ተመልሶ ማስተማር እንደ ጀመረ፣ በ1834 ዓ.ም. በርትሆልድ ከተባለ ሐኪም ጋር ሆኖ አርሴኒክ ለተመረዘ ሰው የሚሆን ማርከሻ አገኘ። ይኸውም ከብረትና ከኦክስጅን የሚገኝ፣ ውሃ የያዘና አዲስ የተዘጋጀ ዝቃጭ ነው። ዝቃጩ አርሴኒኩን በሆድ ውስጥ ይዞ እንዳይሟሟ ያደርገዋል፤ ስለዚህም መርዙ ወደ ደም ሳይገባ ይቀራል። ይህ ማርከሻ በኋለኞቹ ዘመናት የተሻሉ መድኃኒቶች እስኪተኩት ድረስ ለብዙ ጊዜ ሲሠራበት ኖሯል።

ዳሩ ግን አርሴኒክ ቡንሰንን ሳያስከፍለው አልቀረም። በ1836 ዓ.ም. ወደ ካሰል፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ወደ ማርቡርግ ተዛውሮ በሚያስተምርበት ጊዜ፣ ካኮዲል የተባሉትን የአርሴኒክ ውሁዶች መመርመር ያዘ። እነዚህ ውሁዶች ሽታቸው ሰውን የሚያጥወለውል፣ መርዛቸው የሚገድል፣ አንዳንዶቹም አየር ሲነካቸው በገዛ እጃቸው የሚቀጣጠሉ ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን የያዘው ዕቃ ፈነዳና የመስተዋቱ ስባሪ ቀኝ ዓይኑን መታው፤ ዓይኑም ዳግመኛ ብርሃን አላየም። ከጢሱ የተነሣም በመርዝ ታሞ ከሞት አፋፍ ደርሶ ተረፈ። የአርሴኒክን ማርከሻ ያገኘ ሰው በአርሴኒክ ሊሞት ጥቂት ቀረው ማለት ነው። ምርምሩ ግን በ1843 ዓ.ም. እስኪጠናቀቅ ድረስ አልተቋረጠም፤ ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ዕድገትም መሠረት ከጣሉት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቡንሰን ፊቱን ከኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መልሶ ወደ ጋዞችና ወደ ማዕድናት ምርመራ አዘነበለ። አንድ ዓይኑን ያጣው ይህ ሰው በኋላ የሳይንስን ዓለም ያስደነቀው በማየት ሥራ መሆኑን ወደ ፊት እናያለን።

በዚያ ዘመን የብረት ማቅለጫ ምድጃዎች ከአናታቸው እሳትና ጢስ እየተፉ ሌሊቱን ያበሩ ነበር። ለተመልካች ይህ የብልጽግና ምልክት ነው። ቡንሰን ግን በጢሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ብሎ ጠየቀ። ጋዙን ከምድጃው ከልዩ ልዩ ከፍታ እየቀዳ፣ መጠኑ በተሰመረበት የመስተዋት ቱቦ ውስጥ እያጠራቀመና እየለካ መረመረው። በዚህም መሠረት በጀርመን የከሰል ምድጃዎች ከነዳጁ ከሚገኘው ሙቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በከንቱ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ አረጋገጠ። ፕሌይፌር ከተባለው ስኮትላንዳዊ ኬሚስት ጋር በእንግሊዝ አገር ባደረገውና በ1845 ዓ.ም. በቀረበው ጥናት ደግሞ የሚባክነው ከመቶ 80 በላይ መሆኑን አሳየ። በዚህ ሥራ የተፈተነው የጋዝ መለኪያ ዘዴ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ራሱን በቻለ መጽሐፍ ወጣ፤ ለብዙ ዓመታትም የሙያው መመሪያ ሆኖ ቆየ።

ባትሪውም እንዲሁ ከችግር የተወለደ ነው። ግሮቭ የተባለው ሳይንቲስት በ1839 ዓ.ም. የሠራው ባትሪ ኃይለኛ ቢሆንም አንደኛው ምሰሶው ፕላቲንየም በመሆኑ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ቡንሰን በ1841 ዓ.ም. ፕላቲንየሙን አንሥቶ በካርቦን ተካው። ካርቦን ርካሽ ነው፤ የባትሪው ኃይል ግን አልተጓደለም። በዚህ መሣሪያ የሚገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ቀድሞ በቀላሉ የማይገኙትን ብረታ ብረቶች ከውሁዶቻቸው ለመለየት አስቻለው። በ1852 ዓ.ም. ማግኒዚየምን በዚህ መንገድ አወጣ፤ ብረቱ ሲቃጠል የሚሰጠውን ብርቱ ብርሃንም መረመረ። የብርሃንን ኃይል ለማነጻጸርም በመካከሉ የቅባት ጠብታ ያረፈበት ወረቀት የሚጠቀም ቀላል መለኪያ ሠርቶ ነበር። በወረቀቱ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መብራቶች እኩል ሲያበሩ ጠብታው ከዓይን ይሰወራል። መሣሪያው ከዚህ የበለጠ ነገር አይፈልግም።

በ1846 ዓ.ም. ወደ አይስላንድ ተጉዞ፣ ሄክላ የተባለው እሳተ ገሞራ ባለፈው ዓመት ከፈነዳ በኋላ አካባቢውን አጠና። በዚያ አገር ጋይሰር የሚባለው ፍል ውሃ በየጊዜው ወደ ላይ እየተወረወረ ጎብኚን ያስደንቃል። ቡንሰን ውሃው ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው ቴርሞሜትር በገመድ ወደ ጉድጓዱ እየሰደደ ሙቀቱን በየጥልቀቱ ለካ። ከታች ያለው ውሃ ከ120 ዲግሪ በላይ ቢሞቅም ከበላዩ ያለው የውሃ ክብደት ተጭኖት እንደማይፈላ፣ ጥቂት ወደ ላይ ከፍ ሲልና ግፊቱ ሲቀንስለት ግን በድንገት ወደ እንፋሎት እየተለወጠ የላዩን ውሃ እንደሚወረውር አስረዳ። በኋላም ይህንኑ በላቦራቶሪ ውስጥ በሰው ሠራሽ ጋይሰር አሳይቷል።

ቡንሰን በ1852 ዓ.ም. ወደ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተጠራ። ሲመጣም አዲስ ላቦራቶሪ እንደሚሠራለት ቃል ተገብቶለት ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሃይደልበርግ ለመንገድ መብራት ጋዝ ማስገባት ጀምራ ስለ ነበር፣ ጋዙ በቧንቧ ወደ አዲሱ ሕንፃ እንዲገባ ተደረገ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ኬሚስቶች ይጠቀሙባቸው የነበሩት የከሰል ምድጃና የአልኮል መብራት ነበሩ። ከሰሉ ለመቆጣጠር ያስቸግራል፤ አልኮሉ ሙቀቱ ይደክማል። በጋዝ የሚሠሩት የዘመኑ ማንደጃዎችም ነበልባላቸው ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ይተዋል፤ ወይም ይርገበገባል። ቡንሰን የፈለገው ግን ኃይለኛ ሙቀት ያለው፣ ጥላሸት የማይጥል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የራሱ ቀለም የሌለው ነበልባል ነው።

ዘዴው የታሰበው ጋዙ ከመቃጠሉ በፊት ከአየር ጋር እንዲቀላቀል በማድረግ ነው። ቡንሰን ሐሳቡን በ1854 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው መካኒክ ለፔተር ዴሳጋ ገልጾ መሣሪያውን እንዲሠራለት ጠየቀው። ዴሳጋም ከሥር የአየር መግቢያው ሊሰፋና ሊጠብ የሚችል ቀጥ ያለ ቱቦ ሠራ። ላቦራቶሪው በ1855 ዓ.ም. ሲከፈት ለተማሪዎች የሚሆኑ 50 በርነሮች ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡንሰን ከእንግሊዛዊው ባልደረባው ከሮስኮ ጋር የመሣሪያውን አሠራር አሳተመ። ቡንሰንም ሆነ ዴሳጋ የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡበትም፤ ስለዚህ የፈለገ ሁሉ እንዲሠራው መንገዱ ክፍት ሆነ።

አሠራሩን የምናውቀው ብንሆንም ምክንያቱን ማስታወስ አይከፋም። ጋዙ በቱቦው ሥር ካለው ጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲወጣ አየሩን ከጎን እየሳበ አብሮት ወደ ላይ ይወጣል። የአየሩ መግቢያ ሲዘጋ ጋዙ የሚቃጠለው ከውጭ በሚያገኘው አየር ብቻ ስለሆነ፣ ሳይነድዱ የቀሩ የካርቦን ብናኞች በሙቀቱ ግለው ቢጫ ያበራሉ፤ ቢከሩንም ያጠቁራሉ። መግቢያው ሲከፈት ብናኞቹ ይነድዳሉ፤ ነበልባሉ ይጠራል፤ በውስጡም ሰማያዊ ሾጣጣ ይታያል። ከሾጣጣው ውስጥ ያለው ጋዝ ገና ያልነደደ ነው፤ ከፍተኛው ሙቀት የሚገኘው ከጫፉ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ተማሪው የሚያሞቀውን ዕቃ ከሾጣጣው ውስጥ ከትቶ እሳቱ ደካማ ነው ብሎ ሲያማርር፣ ጥፋቱ የመሣሪያው አለመሆኑን መምህሩ ሊያሳየው የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀለም የሌለው ነበልባል ያስፈለገበትም ጉዳይ ነበር። ጨዎች በእሳት ላይ ሲደረጉ እሳቱን እንደየዓይነታቸው ያቀልሙታል። ሶዲየም ቢጫ፣ ፖታሲየም ወይን ጠጅ፣ ስትሮንሺየም ቀይ፣ ባሪየም ወደ አረንጓዴ ያደርገዋል። እሳቱ ራሱ ቢጫ ከሆነ ግን ምን ያቀለመው እንደ ሆነ ማወቅ አይቻልም። ነበልባሉ ከጠራ በኋላም አንድ ችግር ቀረ፤ ጨዎቹ ሲደባለቁ የሶዲየም ቢጫ ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል። ቡንሰን መጀመሪያ ባለቀለም መስተዋት በዓይኑ ላይ እያደረገ ቀለሞቹን ለመለየት ሞከረ። ወዳጁ የፊዚክስ ሊቅ ጉስታፍ ኪርኾፍ ግን ብርሃኑን በፕሪዝም አሳልፎ መበተን እንደሚሻል መከረው። ሁለቱ የተዋወቁት ቡንሰን በብሬስላው ባስተማረበት አጭር ጊዜ ሲሆን፣ ኪርኾፍን ወደ ሃይደልበርግ ያስመጣውም ቡንሰን ነው።

በ1859 ዓ.ም. ፕሪዝም፣ ሣጥንና ሁለት የቴሌስኮፕ ቱቦዎችን አገናኝተው ስፔክትሮስኮፕ የተባለውን መሣሪያ አቆሙ። በርነሩ ከፊት ለፊቱ ቆመ። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ብርሃን በመሣሪያው ውስጥ ሲታይ ቦታቸውን የማይለውጡ ብሩህ መስመሮች ሆኖ ተገኘ። ጨዎቹ የቱንም ያህል ቢደባለቁ መስመሮቹ አይደባለቁም። የመሣሪያው ስሜታዊነትም ከሚታመነው በላይ ነበር። ሶዲየም ያለበትን ጥቂት ጨው በላቦራቶሪው ማዕዘን ሲያፈነዱት፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ በሌላው ማዕዘን ያለው ነበልባል የሶዲየምን ቢጫ መስመር አሳየ። ባሰሉትም መሠረት ከአንድ ሚሊግራም ከሦስት ሚሊዮን አንድ እጅ የሚያንሰው ሶዲየም በዚህ መንገድ ይታወቃል። የዘመኑ እጅግ ጥሩ ሚዛን እንኳ ለዚህ አይደርስም።

ዱርክሃይም ከተባለ ስፍራ የመጣ የማዕድን ውሃ ሲመረመር፣ ከሚታወቁት ሁሉ የተለዩ ሁለት ሰማያዊ መስመሮች ታዩ። በ1860 ዓ.ም. ቡንሰን ይህ አዲስ ንጥረ ነገር መሆኑን አስታውቆ በላቲን የሰማይን ሰማያዊነት በሚገልጽ ቃል ሲዚየም አለው። መስመር ማየት ግን ለእርሱ አልበቃውም፤ ንጥረ ነገሩ በእጅ መያዝና መመዘን ነበረበት። ስለዚህ ከ40,000 ሊትር በላይ የሚሆን ውሃ በፋብሪካ ተንኖ፣ ከረጅም የማጣራት ድካም በኋላ የተገኘው የሲዚየም ጨው ከ10 ግራም ያነሰ ነበር። በ1861 ዓ.ም. ደግሞ ሌፒዶላይት ከተባለው ማዕድን፣ በጥቁር ቀይ መስመሮቹ የሚታወቀውን ሩቢዲየምን አገኙ። መንገዱ አንዴ ከተከፈተ ወዲያ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚሁ መሣሪያ ታሊየምን በ1861 ዓ.ም.፣ ኢንዲየምን በ1863 ዓ.ም.፣ ጋሊየምን በ1875 ዓ.ም. አገኙ። ኪርኾፍም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የሚታዩት ጥቁር መስመሮች በፀሐይ ከባቢ የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ምልክት መሆናቸውን አስረዳ። የሰው ልጅ ፀሐይ ከምን እንደ ተሠራች ለማወቅ የቻለው በዚህ መንገድ ነው።

እነዚህ ታላላቅ ግኝቶች ቡንሰንን ከትንንሾቹ የላቦራቶሪ ችግሮች አላራቁትም። ኬሚካዊ ምርመራ የሚሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዝቃጭን በማጥለያ ወረቀት ማጥለልና ማጠብ ትዕግሥት ያስጨርሳል። በ1868 ዓ.ም. ቡንሰን በቧንቧ ቁልቁል የሚወርድ ውሃ አየር ስቦ እንዲወስድ በማድረግ፣ ከማጥለያው በታች ያለውን ግፊት የሚቀንስ ፓምፕ ሠራ። ለሰዓታት ይንጠባጠብ የነበረው ፈሳሽ በጥቂት ደቂቃዎች ያልቅ ጀመር፤ ዝቃጩም በአነስተኛ ውሃ ታጥቦ ይነጻ ጀመር። ግድግዳው ወፍራም የሆነውና ከጎኑ ቱቦ ያለው ፍላስክ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በ1870 ዓ.ም. ያቀረበው የበረዶ ካሎሪሜትርም በቀላል እውነት ላይ የቆመ ነው፤ በረዶ ሲቀልጥ ይዘቱ ስለሚያንስ፣ የይዘቱ ለውጥ በቀጭን ቱቦ ባለ ሜርኩሪ ሲነበብ የገባው ሙቀት መጠን ይታወቃል። በዚህ መሣሪያ ከጥቂት ኢንዲየም ላይ ባደረገው ልኬት፣ 76 ያህል ነው ይባል የነበረው የኢንዲየም አቶማዊ ክብደት ወደ 113 የሚጠጋ መሆኑ ተረጋገጠ።

ቡንሰን እንደ ሰው ትሑት፣ ቀልደኛና ለራሱ ክብር የማይጨነቅ ነበር ይባላል። ትዳር አልያዘም፤ ቤቱም ሆነ ቤተሰቡ ላቦራቶሪው ነበር። መስተዋት በእሳት እያለዘበ የሚፈልገውን ዕቃ በእጁ ይሠራ ነበር። በሃይደልበርግ ለ74 መንፈቀ ዓመታት ጠቅላላ የሙከራ ኬሚስትሪ አስተማረ። ሮስኮ፣ ቲንዳል፣ ኮልበ፣ ባየርና ሎታር ማየር ከእርሱ ዘንድ ካለፉት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ሩሲያዊው ሜንዴሌየፍም በሃይደልበርግ ተቀምጦ ሠርቷል። በ1860 ዓ.ም. የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይን ሸለመው፤ በ1877 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠውን የዴቪ ሜዳይም ከኪርኾፍ ጋር ተካፈለ።

ጽናቱን የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1874 ዓ.ም. ስለ ብርቅዬ ንጥረ ነገሮች መስመሮች ለዓመታት ሲያዘጋጅ የቆየውን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶ በወጣበት ጊዜ፣ በአጠገቡ የነበረ የውሃ ጠርሙስ የፀሐይን ብርሃን እንደ ሌንስ ሰብስቦ ወረቀቱን አቃጠለው። ብርሃንን መርምሮ ስም ያተረፈው ሰው የድካሙን ፍሬ በብርሃን አጣ። እርሱ ግን ሥራውን ከመጀመሪያው አንሥቶ እንደገና ጽፎ በሚቀጥለው ዓመት አሳተመው።

በ1889 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ ከመምህርነት ወጥቶ የቀረውን ዕድሜውን ይወደው በነበረው በሥነ ምድር ጥናት አሳለፈ። በኦገስት 16 ቀን 1899 ዓ.ም. በ88 ዓመቱ በሃይደልበርግ ዐረፈ።

ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪዎች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የበርነሩን ቦታ ወስዷል። የጋዝ መስመር በሌለባቸው ትምህርት ቤቶችም ቡንሰን ሊተወው የፈለገው የአልኮል መብራት አሁንም ይሠራል። ይሁን እንጂ በአፈር፣ በውሃና በማዕድን ውስጥ ያሉትን ብረታ ብረቶች የምንለካበት አቶሚክ አብሶርፕሽን የተባለው መሣሪያ ከዚያ ነበልባልና ከዚያ ፕሪዝም የመጣ ነው። ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ቅርጹ ተለውጧል፤ የሚመልሰው ጥያቄ ግን ቡንሰን የጠየቀው ነው።

በመጨረሻም ስለ ስም አንድ ነገር መባል አለበት። ነበልባሉ የሚጠራው በቡንሰን ነው፤ ቱቦውን የሠራው፣ የአየር መግቢያውን ያበጀው እጅ ግን የዴሳጋ ነበር። ያለ ቡንሰን ጥያቄ ዴሳጋ የሚሠራው ነገር አልነበረውም፤ ያለ ዴሳጋ እጅም የቡንሰን ጥያቄ ያለ መልስ ይቀር ነበር። በየላቦራቶሪዎቻችን ሚዛኑን የሚያስተካክሉ፣ የተደፈነ በርነር የሚያጸዱ፣ ለሚቀጥለው ቀን ሙከራ ዕቃ አጥበው የሚያዘጋጁ ባልደረቦቻችን ስማቸው በጥናት ጽሑፎች ላይ እምብዛም አይታይም። የተገኘው ውጤት የሚታመነው ግን በእነርሱ እጅ መጠንቀቅ ልክ ነው። መሣሪያ ስናዝዝም ሆነ ስናስተምርበት ምን ጥያቄ ሊመልስልን እንደ መጣ ብንጠይቅ፣ ከእጁ ለተቀበልነው ሰውም ተገቢውን ክብር ብንሰጥ፣ ለቡንሰን መታሰቢያ ከዚህ የሚበልጥ አይኖርም።